እኔ እያለሁ

በልብስ ስፌት ቤታችን ሰፊዋን «መቀስ» እንላታለን፤ በምላሷ ነው። ደንበኛ «ሱሪው ጠበበኝ» ካላት «እኔ በልክህ ሰፍቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሰፋኸው አንተ ነህ» ትለዋለች። ከፊት ለፊቷ ተቀምጬ ቁልፍ የምተክለው እኔ ነኝ።

ይህች ሴት ምላሷ የሚታሰረው ለታናሽ ወንድሟ ብቻ ነው። ይጠጣል፤ ሲጠጣ የሌለ ድምፅ ይሰማዋል፤ ድምፁን ለማጥፋት ደግሞ ይጠጣል። ሆስፒታሉ ጥቂት ቀን አስተኝቶ ይሰደዋል፣ እሱም ውሎ ሳያድር እዚያው መጠጥ ቤት ነው። ዘንድሮ ግን እዚያው ሆስፒታል እንደተኛ ራሱ «ረጅሙን ሕክምና ልጨርስ፣ አታስወጪኝ» ብሎ ለመናት።

የአስታማሚዎችን አስተያየት እንሰማለን ተብሎ ስትጠራ ደስ አላት። «ዛሬስ ደክሞኛል፣ እዚያው ይቆይልኝ እላቸዋለሁ» አለችኝ። አብሬያት ሄድኩ።

ጠያቂዋ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ራሷ ሆና ተገኘች፤ አልጋ ሰጪም ነሺም እሷ። ታዲያ ማን ደፍሮ ይናገራል? አንዱ አባት «ምን ይወጣላችኋል» አለ። አንዷ ሚስት «ተመስገን ነው» አለች። እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። የመቀስ ተራ ሆነ።

«እትዬ፣ ወንድምዎን ቤት ማስታመም ይከብድዎታል?»

ሰው ፊት «አዎ፣ ወንድሜ ከበደኝ» የምትል እህት የት አለች? ቀና ብላ «ኧረ ምን ከብዶኝ። እኔ እያለሁለት ምን ይጎድልበታል» አለች። ሁላችንም የምንለው ነው፤ ነርሷም ቤቷ ሳትለው አትቀርም። ግን እንደ እውነተኛ መልስ ያዘችው። በክርኔ ጎሰም ባደርጋት ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን አየች።

በማግስቱ ደወሉላት። ለረጅሙ ሕክምና ቅድሚያ የሚሰጠው ደጋፊ ለሌለው እንደሆነ፣ እሱ ግን ደጋፊ እንዳለው እሷው እንደመሰከረች ነገሯት። ሮጣ ሄዳ ለመነች፣ አለቀሰች። አልጋው ለሌላ ተሰጥቷል።

ወንድሟ ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ። ፊቱ ሞላ፣ ዓይኑ ጠራ ብሏል።

«እህት ዓለም፣ ምን ብለሻቸው ነው?» አላት።

ያቺ ምላሳም የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። ወደ ቤት ተጓዝን። መጠጥ ቤቱ ጥግ ስንደርስ ፌስታሉን አቀበላት።

«እናንተ ቅደሙ፤ መጣሁ» አለ።