ከጆሃንስበርግ ሺንሺቾ ስንት ሰዓት ነው?

ጆሃንስበርግ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እናቴን ላያት ተነሳሁ። መስቀል ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል፤ በእኛ አገር ለመስቀል ያልመጣ ልጅ ካለ ቤተሰቡ "የት ቀረ?" መባሉ አይቀርም። ያኔ ስሄድ በሞያሌ ወጥቼ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አቋርጬ አራት ወር ፈጅቶብኛል። አሁን ከፊቴ ያለው የአውሮፕላኑ ስክሪን አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አምስት ሰዓት ከሃያ ይላል። ዶሮ በሩዝ በልቼ፣ ትንሽ አሸልቤ አዲስ አበባ ገባሁ። ያን ሁሉ ጫካ ያቋረጥኩት በከንቱ መሰለኝ።

በማግስቱ፣ ወደ ሆሳዕና

ገና ሲነጋ በአውቶቡስ ተነሳን። ወራቤን ስናልፍ እንሰቱ መንገዱን ግራና ቀኝ ያዘው፤ ዝናብ የጠገበው መሬት ሲሸተኝ መስኮቱን ከፈትኩ። መንገዱ ተቆፋፍሯል፣ ኬላው ብዙ ነው፤ ሆሳዕና ለመግባት አምስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። አጠገቤ የተቀመጠች የጊምቢቹ መምህርት ከየትና በስንት ሰዓት እንደመጣሁ ስነግራት፣ "ታዲያ ሆሳዕና ይርቃላ" ብላ አሳቀችኝ።

ምሳዬን ቆጮ በክትፎ በልቼ ወጣ አልኩ። ተማሪ ሳለሁ እናቴ በመኪና የምትልክልኝን ቆጮ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሜ የምጠብቅበት ጥግ የሞባይል ሱቅ ሆኗል። ባለሱቁ ምን ፈልጌ እንደቆምኩ እስኪጠይቀኝ ድረስ እዚያው ቆየሁ።

ሺንሺቾ፣ አሥር ሰዓት

በአንጋጫና በዱራሜ አድርጌ ደረስኩ። እናቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች። ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ሄራሞ ጸልየው ሲያበቁ፣ "ልጄ፣ በአየር ስንት ቀን ነው?" አሉኝ።

"ምን ቀን አለው ጋሼ፣ አምስት ሰዓት ነው" አልኩ ኮራ ብዬ።

እናቴ የወተቱን ኩባያ እንደያዘች ቀረች።

ምክንያቱን ያወቅኩት እንግዶቹ ሲሄዱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ልጅሽ ለምን አይመጣም?" ላላት ሁሉ "መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሲሄድ እንኳ አራት ወር ፈጅቶበታል" እያለች ስሜን ስትጠብቅ ኖራለች።

"ለምን አልመጣህም?" አለችኝ በከምባትኛ።

"ወረቀት አልነበረኝም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም ነበር።"

"መቼ አገኘህ?"

መዋሸት እችል ነበር። "ሦስት ዓመት ሆነኝ" አልኳት። "ሱቁን የምተውለት ሰው የለም፣ ዘንድሮ ይለፍ፣ ዘንድሮ ይለፍ እያልኩ ነው።" አፈርኩ።

"ስድስቱን ዓመት መምጣት አልቻልክም፤ እውነቴን ነው" አለች። "ሦስቱን ግን ሳላውቅ ዋሽቻለሁ። ሂድና ለጋሽ ሄራሞ አንተው ንገራቸው።"

ያኔውኑ ሄድኩ። ጋሽ ሄራሞ እስክጨርስ አዳመጡኝ። "እናትህን አልፈርድባትም" አሉ። "የእኔም ልጅ እዚያው ከሄደ ስምንት ዓመቱ ነው። በአየርም ሩቅ ነው ብሎኝ ነበር። ታውቀዋለህ አይደል?"

አውቀዋለሁ። ሱቆቻችን አንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ ወረቀቱንም ያወጣነው በአንድ ሳምንት፣ አብረን ነው።

"ወረቀት አላገኘም ጋሼ" አልኳቸው። "ቢያገኝማ ይመጣ ነበር።"

"ተባረክ" ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። እናቴ ዘጠኝ ዓመት ምን ተሸክማ እንደኖረች የገባኝ ያን ጊዜ ነው።