ፀሐይ ስትገባ አማቴን ማንሳት

ጌዴኦ ውስጥ ለጥሎሽ ፀሐይ የሰጠ ወንድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ወርቅ አላልኩም፣ ፀሐይ ነው ያልኩት። ይኸው ገና ከአሁኑ ሳቃችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ዲላም ይህን ወሬ ስጀምር ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ ነው የሚስቅብኝ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ያኔ ዲላ ውስጥ ፎቶ አንሺ ማለት እኔ ነበርኩ። ሌላም አንድ ሰው ካሜራ ነበረው ይላሉ፤ እኔ አላየሁትም፣ ላየውም አልፈለግሁም። የእኔን ካሜራ ትቶልኝ የሄደው አንድ ግሪክ ቡና ነጋዴ ነው። የአጠቃቀሙ መጽሐፍ አብሮት ነበር፤ ግን የተጻፈው በእነሱ ፊደል ነው። ታዲያ ማን አስተማረኝ? ራሴ! ጎበዝ አስተማሪ ነበርኩ፤ ተማሪውም ጎበዝ ነበር። ከራሴ የተማርኩት ሕግ ሁለት ነው። ፀሐይ ከጀርባዬ ትሁን፤ የሚነሳው ሰው ትንፋሹን ይያዝ። በቃ። በእነዚህ ሁለት ሕጎች ከኮንጋ እስከ ጨለለቅቱ ያለውን ሰው ሁሉ አንስቻለሁ።

አንድ ኮትም ነበረኝ። ቡና ተሸጦ ሰው ለፎቶ ሲመጣ እሱን አለብሰዋለሁ። ወፍራም ከሆነ ቁልፉን ክፍት እተወዋለሁ፤ ቀጭን ከሆነ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ እይዘዋለሁ። የዚያን ጊዜ የአባታችሁ ፎቶ ቤት ውስጥ ካለ እስቲ አውጥታችሁ እዩት። ፊቱ የአባታችሁ ነው፤ ኮቱ የእኔ ነው።

እንዲህ ስሜ ገንኖ ሳለ የጨርቅ ነጋዴውን ልጅ ወደድኩ። እሷም ሱቁ በር ላይ መቆም አበዛች። «መንገዱን ነው የማየው» ትላለች፤ መንገዱ ላይ ያለሁት ግን እኔ ነኝ። አባቷ ከደጋ መጥተው ዲላ ሱቅ የከፈቱ፣ በክንድ ያልተለካ ነገር የማያምኑ ሰው ናቸው። ሦስት ሽማግሌ ላክሁባቸው። አንዱ ሽማግሌ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ቡናና እንሰት ያላቸው፣ ሶንጎ፣ የሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ፣ ተቀምጠው ሲፈርዱ ያረጁ የጌዴኦ ሰው ነበሩ። የተባባሉትን ኋላ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

«የልጁ ሥራ ምንድነው?» አሉ ነጋዴው፣ ሥራዬን እያወቁ።

«ፎቶ ያነሳል።»

«ደመና ሲሆንስ?»

ሽማግሌዎቼ በበሩ ወደ ሰማዩ አዩ።

ሱቁ ግድግዳ ላይ ዓመቱ ያለፈበት የውጭ አገር ካላንደር ተሰቅሏል። ባሕር ላይ ፀሐይ ስትገባ ያሳያል። ጊዜው ቢያልፍም ነጋዴው አያወርዱትም፤ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ቁጭ ብለው የሚያዩት እሱን ነው። በጣታቸው አሳዩና «ሞያ ካለው እንዲህ ያለ ያንሳ» አሉ። «የእኛ አባያ ከዚህ በምን ያንሳል? ጎን ለጎን ሰቅዬው ካላፈርኩ ልጄን እሰጠዋለሁ። ካፈርኩ ግን ከይርጋጨፌ የመጣ ሌላ ጠያቂ አለ። ባለ ጭነት መኪና ነው። ደመና ቢሆንም ይሠራል።»

እኔ ደግሞ ካሜራዬ ውስጥ የቀረችኝ አንዲት ፎቶ ብቻ ነበረች። ሌላ ፊልም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ባለ መኪናው ልጅቷን ጭኖ ይሄዳል።

ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ ወደዚያ የጌዴኦው ሽማግሌ ኮረብታ ወጣሁ። ብቻዬን ልወጣ ነበር ያሰብኩት። ነጋዴው እንዳላታልላቸው ብለው ተከተሉኝ። ሚስታቸው እሳቸው እንዳይወድቁ ብለው ተከተሉ። ልጅቷ እናቷ እንዳይደክሙ ብላ ተከተለች። ሽማግሌዎቹ ምንም ምክንያት አላስፈለጋቸውም።

ከላይ ሲያዩት አባያ ታች ተዘርግቶ ያበራል፤ ፀሐይዋ ደግሞ የበሰለ ፓፓያ መስላለች። ካሜራዬን ተከልኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ፀሐይዋን ላነሳ ከሆነ ፀሐይዋ ከጀርባዬ ልትሆን አትችልም! ግድ የለም አልኩ፤ ሕጉ የራሴ አይደል? ቀና ስል ሁሉም ከፊቴ ተሰልፈዋል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ዞር ይበሉልኝ። ፀሐይዋን እኮ ነው የማነሳው።»

«እኛስ?» አሉ ነጋዴው።

«ካላንደሩ ላይ ሰው የለም እኮ።»

«ፈረንጅ ሰው ቸግሮት ነዋ! ሰው የሌለበት ፎቶ ባዶ ቤት ነው።»

ባለ መሬቱ ሽማግሌም ቀጠሉ። «መሬቱ የእኔ ነው። እኔ ካልቆምኩ ፀሐዩ በማን መሬት ገባ ሊባል ነው?»

ተሸነፍኩ። ቀጥሎ ኮቴን ማን ይልበስ የሚል ጠብ መጣ። ነጋዴው የልጅቷ አባት ነኝ አሉ፤ ሽማግሌው መሬቱ የእኔ ነው አሉ። ጎን ለጎን አቆምኳቸውና አንዱን እጅጌ ለነጋዴው፣ ሌላውን ለሽማግሌው አለበስኩ። መሐል ላይ ተጣበቁ።

«እንዲህ ያለ ፍርድ ሶንጎ ላይም አላየሁ» አሉ ሽማግሌው።

«ትንፋሽ ያዙ!» አልኩ።

ያዙ። እኔ ግን ፀሐይዋ ከአባያ ማዶ ያለውን ተራራ እስክትነካ መጠበቅ ፈለግሁ። እሷ ደግሞ አትቸኩልም። የነጋዴው ዓይን ፈጠጠ።

«ቶሎ በይ በላት!» አሉኝ በጥርሳቸው መሐል።

«አይናገሩ ጋሼ፣ ትንፋሽዎ ያልቃል!»

ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ፀሐይዋ ተራራውን ነካች፤ ቀጭ አደረግኋት።

በማግስቱ መስኮቴን በብርድ ልብስ ሸፍኜ አጠብኩ። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ስከተው መጀመሪያ ሰዎቹ መጡ። መጡ፣ ጠቆሩ፤ አሁንም ጠቆሩ፤ በቃ ቢሏቸው የሚያቆሙ አልሆኑም። ሁሉም ከሰል ሆነው አረፉ። መሐል ላይ ደግሞ ባለ ሁለት ራስ የሆነ ጥቁር ነገር ቆሟል። ሰማዩና ሐይቁ ግን፣ ራሴን ላመስግንና፣ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ያኔ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነውና ፀሐይዋን በቀለም ብጫና ቀይ ቀባኋት። ፊታቸውንም ልቀባ ብል የሚቀባ ፊት የለም።

ከሽማግሌዎቼ ኋላ ኋላ እያልኩ ሱቅ ገባሁ። ገዢ ሞልቷል። ነጋዴው ፎቶውን ከካላንደሩ ጎን አድርገው ብዙ አዩት።

«ይሄ ባለ ሁለት ራሱ ምንድነው?»

«አንደኛው ራስ የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

«የትኛው?»

እኔም አላወቅሁም። «የሚያምረው» አልኩ።

«እሱማ የእኔ ነው» አሉ ባለ መሬቱ ሽማግሌ።

የነጋዴው ሚስት ጠጋ ብለው አዩና «በግራ ያለው አንተ ነህ» አሉ። «ይሄን ጆሮማ ጨለማ ውስጥም አውቀዋለሁ!»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ይህ ነው ያበላሸብኝ። ነጋዴው ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፉት።

«አፍሬአለሁ» አሉ። «ፊቴ የታለ? ሰው ፊቱን አጥቶ ልጁን ይድራል? ባለ መኪናውን ጥሩልኝ።»

በዕድሜዬ ቀልድ የጠፋብኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቼን አየሁ፤ እነሱ መሬት መሬት ያያሉ። አለቀ አልኩ።

ልጅቷ ባንኮኒው ጋ ለአንዲት ሴትዮ አቡጀዲ እየለካች ነበር። ቀና ሳትል «አባዬ» አለች፣ «ካላንደሩ ላይ ፊት አለ እንዴ?»

ነጋዴው ካላንደሩን ከግድግዳው አወረዱ፤ በር ድረስ ወስደው በብርሃን አዩት፤ ገልብጠው ጀርባውንም አዩ።

«የለም» አሉ።

«ታዲያ እንዲህ ያለ ያንሳ አይደል ያሉት?» አለችና ጨርቁን ቀደደችው።

ባለ መሬቱ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «እንሂድ። እኛ የምንፈርደው አልቀረም፤ ልጅቷ ጨረሰችው።»

ነጋዴው ጆሯቸውን እየነካኩ ቆዩ፤ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እሺ፣ ቃሌን በልቼ አላውቅም» አሉ። «የሠርጉን ፎቶ የሚያነሳ ግን ከይርጋዓለም ይመጣል። በቀን! ፊት የሚያወጣ!»

መጣም። ቀትር ላይ አስቀመጠን። እኔ ካሜራውን ወዲህ አድርገው፣ ወዲያ አድርገው እያልኩ አስተማርኩት፤ እሱ ሙሽራው ዝም ይበል እያለ ለመነኝ። በሠርጌ ፎቶ ሁሉ ላይ አፌ ክፍት ነው።

አላመናችሁም አይደል? ዲላ ሂዱና ጠይቁ። አማቴ ቢክዱ ሚስታቸውን ጠይቁ፤ የጆሮውን ነገር ራሳቸው ይነግሯችኋል። እሳቸው ቢረሱ ሚስቴን ጠይቋት፤ እዚያው ሱቅ ናት። ጨርቅ ስትለካ ግን ጠብቁ። ጨርቅ እየለካች ለተናገረችው ነገር እኔም እስከ ዛሬ ይግባኝ የምልበት ቦታ አላገኘሁም። ሂዱ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?