የሲስተር በረዶ ቸኮሌት

አውቶቡሱ ሊነቃነቅ ሲል ነው ሴትዮዋ ሮጥ ሮጥ ብለው የገቡት። ስድሳን የዘለሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላ ጫማ ያደረጉ ናቸው። ደረታቸው ላይ አቅፈው የያዙት ሰማያዊ ሳጥን በትልልቅ ነጭ ፊደል «ክትባት» ይላል። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ አንድ ሕፃን ግን ሳጥኑን ሲያይ ልቅሶውን ለቀቀው።

«አይዞህ የኔ ጌታ፣ ባዶ ነው» አሉት። ሕፃኑ አላመናቸውም።

መስኮት ጥግ ያለው ተሳፋሪ ጠጋ ብሎ አስቀመጣቸውና «ክትባት አድርሰው መመለስዎ ነው እናቴ?» አላቸው።

«ቸኮሌት ነው ያደረስኩት። በሳጥኑ አትፍረድ ልጄ።»

ቸኮሌት በክትባት ሳጥን ሲባል ዝም የሚል ሰው የለም። ተሳፋሪውም ዝም አላለም፣ እሳቸውም እስኪጠየቁ የሚጠብቁ ሰው አልነበሩም። እስከሚወርዱበት ፌርማታ ድረስ ያወጉት እንዲህ ነው።

ሴትዮዋ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጤና ጣቢያ ያገለገሉ ነርስ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም መታወቂያቸው ላይ ቀርቷል፤ የሰፈሩ ሰው የሚያውቃቸው ሲስተር በረዶ በሚል ነው። ምክንያቱ እጃቸው ነው። በጋ ከክረምት፣ ፀሐይ ላይም ይዋሉ ምድጃ ዳር፣ እጃቸው አይሞቅም። አንድ ሐኪም ደማቸውንም ልባቸውንም መርምሮ «ፍጹም ጤነኛ ነሽ፤ ብቻ ሰው አትንኪ» ብሏቸዋል።

ሰው አለመንካት ደግሞ ለነርስ እንዴት ይሆናል? መርፌ ክፍል በገቡ ቁጥር የሻይ ብርጭቆ ጨብጠው ይሞክራሉ፣ ብብታቸው ሥር ይወትፋሉ፣ በሙቅ ውሃ ይዘፈዝፋሉ። ከንቱ ነው። አንድ ጊዜ ትከሻው በር የሚያህል የጭነት መኪና ሹፌር ክንዱን ገና ሲይዙት ጮኸ።

«ምነው ወንድሜ፣ መርፌውን እኮ ገና አላወጣሁትም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«እጄ ነው።»

«እንግዲያው መርፌውን ያምጡልኝ፣ እሱ ይሻለኛል» አለ ሹፌሩ። በሽተኞቹ ተሰልፈው ሲጠብቁ እርስ በርሳቸው «የእሷ እጅ እንኳን በሽታ ሊያድን፣ ቁርጥማት ያስይዛል» ይባባሉ ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

ያላሳቃቸው የሜትሮኗ ነገር ነው። ሜትሮኗ የነርሶቹ አለቃ፣ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ወዲያ ማዶ ያለ በሽተኛ ከአልጋ የሚያስነሳ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ክትባት ላይ አሥራ አንድ ሕፃናት አንድ ላይ ሲያለቅሱ ደረሱና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንቺ እጅሽ ለሕያው ሰው አልተሠራም። ሂጂ ካርድ ክፍል ግቢ» አሉ። ኮሪደሩ ሙሉ ሳቀ። ሲስተር በረዶ የመጨረሻዎቹን ስምንት ዓመታት የበሽተኛ ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ ኖሩ። ወረቀት ብርድ አይሰማውም።

ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው ለመሳቂያ ብለው ማጠፊያው የተሰበረ አሮጌ የክትባት ሳጥን ሸለሟቸው። «ከእጅዎ ጋር ይስማማል» አሏቸው። ስቀው ተቀበሉ፤ ቤት ሲደርሱ አልጋ ሥር ወረወሩት።

ቸኮሌቱ የመጣው በልጃቸው ነው። ልጃቸው ትራፍል የሚባለውን፣ ድቡልቡል ሆኖ ካካዎ የሚነሰነስበትን ቸኮሌት ስልኳ ላይ አይታ፣ ለጓደኛዋ ልደት ካልሠራሁ ብላ ተነሣች። ክሬሙን አሙቃ ቸኮሌቱ ላይ ገለበጠች፣ አማሰለች፣ ፍሪጅ ከተተች። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ልታድቦለቡለው ስትጀምር ግን መዳፏ ላይ እየቀለጠ እስከ ክርኗ ወረደ። የፍሪጁ እጀታ ቸኮሌት፣ የውሃው ቧንቧ ቸኮሌት፣ ግንባሯም ቸኮሌት ሆነ። ሞቃት እጅ ያላት ልጅ ናት፤ በአባቷ ወጥታ።

በመጨረሻ ጣቶቿን ዘርግታ እናቷ ፊት ቆመች። «እማዬ፣ እጅሽን አውሺኝ።»

ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፀጉሯን እናቷ እንዳያጥቧት አልጋ ሥር ስትደበቅ ያደገች ልጅ ናት ይህን ያለችው። ሲስተር በረዶ ለቀዶ ጥገና እንደሚገባ ሰው እስከ ክርናቸው ታጥበው መጡ። አንዷን ቆርሰው በመዳፋቸው መሀል ሁለት ጊዜ አዞሯት። ክብ ሆነች። አልቀለጠችም፣ አልተጣበቀችም። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ልጅቷ «እማዬ፣ እስከዛሬ የት ነበርሽ?» አለቻቸው።

«ካርድ ክፍል» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው። ክሬሙን በትልቅ ሲሪንጅ ይለካሉ፤ «በዓይን ግምት መድኃኒት አይሰጥም» ይላሉ። ያበላሹትን ባለቤታቸው «ለምርመራ» እያሉ ይበሉታል፤ ሰውዬው መርምረው አልጠግብ ብለው ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ለቋል።

ይህ በዚህ እንዳለ የጥሪ ወረቀት መጣ። ሜትሮኗም በተራቸው ጡረታ ሊወጡ ነው፤ መሸኛው ጤና ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ሲስተር በረዶ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያቺ ሴት የማን እጅ እንደሠራው ሳታውቅ ትብላና፣ ጣፈጠኝ ትበል። ከዚያ ይነግሯታል። ሰው ሁሉ እየሰማ።

የመሸኛው ዕለት ጠዋት ሊያድቦለብሉ ተቀመጡ። የመጀመሪያዋ ቀለጠች። ሁለተኛዋም። ተደናግጠው እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉት፤ እንደ ዳቦ ይፋጃል። ስድሳ ሁለት ዓመት ያልሞቀ እጅ በዚያች ቀን ሞቀ።

ባለቤታቸው የተበላሸውን እየመረመሩ «ምን እያሰብሽ ነው የምትሠሪው?» አሉ።

«ምን አስባለሁ? የምነግራትን ነዋ።»

«በይ በቁጣ ነው የሞቅሽው። ወይ እሷን ተያት፣ ወይ ቸኮሌቱን ተይው። ሁለቱ አብረው አይሆኑም።»

ሲስተር በረዶ ጓሮ ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ይቅርታ ማድረግ አልፈለጉም፤ ግን ክሬሙ ውድ ነበር፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው። ስምንቱን ዓመት አንድ በአንድ አስበው አንድ በአንድ ተዉት። ሲጨርሱ ጣታቸውን ነኩ። ቀዝቅዟል። «ለቸኮሌቱ ስል ይቅር አልኳት» አሉት ተሳፋሪውን፤ «ለእሷ ብዬማ አላደርገውም ነበር።»

አርባ ፍሬ ሠሩ። መንገዱ ሩቅ፣ ቀኑም ሐሩር ስለሆነ፣ አሮጌውን ሳጥን ከአልጋ ሥር አወጡና በረዶ በጎን በጎኑ ሞልተው ቸኮሌቱን ደረደሩበት።

ጤና ጣቢያው በር ላይ አዲሱ ዘበኛ ሳጥኑን ሲያይ ብድግ አለ። «ክትባት መጣ!» ብሎ ከእጃቸው ተቀበለና እየሮጠ ወሰደው። ሲስተር በረዶ «ኧረ ልጄ» እያሉ ሲከተሉ፣ ሳጥኑ ክትባት ክፍል ገብቶ በሩ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘችው ወጣት ነርስ አታውቃቸውም። አዳራሹ ውስጥ ንግግር ተጀምሯል።

«ሙቀቱ ሳይለካ ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለች ልጅቷ።

ይህንን ደንብ እሳቸውም ሃያ ዓመት ሲያስተምሩ ኖረዋል። «ለኪው» አሉ።

«አምስት ዲግሪ። በጣም ደህና ነው። አሰጣጡስ እንዴት ነው?»

«በአፍ የሚሰጥ ነው።»

«ስንት ጠብታ?»

«አንድ ፍሬ። ክፈችውና እይ የኔ ልጅ።»

ከፈተች። አየች። አንዷን አነሣችና በአፍ ሰጠቻት፤ ለራሷ። ከዚያ ሳጥኑን ራሷ ተሸክማ አዳራሽ ገባች።

አዳራሹ እንደ ምድጃ ነበር። ፋኑ ተበላሽቷል፤ የመሸኛው ኬክ ክሬም ተንሸራቶ በአንድ ጎኑ ወርዷል፤ ሜትሮኗ ፊታቸው በላብ ርሶ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ንግግሩን እስኪጨርስ በወረቀት ያራግባሉ። ልጅቷ ሳጥኑን ፊታቸው አቀረበች። አንድ አነሡ። በረዶ ሆኖ የገባው ቸኮሌት አፋቸው ውስጥ ሲፈታ ማራገባቸውን አቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ማን ነው የሠራው?» አሉ በዚያ ድምፃቸው። ኃላፊው ንግግሩን አቋረጠ። «የሠራውን እጅ ቁርጥማት አይንካው።»

መጀመሪያ የሳቀው የድሮውን የቁርጥማት ቀልድ የሚያውቅ አንድ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። ሲስተር በረዶ ከኋላ ወንበር ተነሡ። ሊሉት ያሰቡት ብዙ ነበር፤ ጓሮ ድንጋዩ ላይ ትተውት መጥተዋል።

«እኔ ነኝ ሜትሮን።»

«አንቺ? በዚያ እጅ?»

«በዚያው።»

ሜትሮኗ ሁለተኛ ፍሬ አነሡ፤ እስኪጨርሱ ሰው ሁሉ ጠበቀ። «እስቲ ወዲህ አምጪው» አሉ። ሲስተር በረዶ ቸኮሌቱን የጠየቋቸው መስሏቸው ወደ ፊት ወጥተው ሳጥኑን ከነርሷ ተቀብለው ሊያቀርቡ ሲሉ፣ ሜትሮኗ እጃቸውን ያዙና ላብ ባጠመቀው የራሳቸው አንገት ላይ ለጠፉት። ትንፋሽ ወጣቸው። «ይህን የመሰለ እጅ ካርድ ክፍል የቀበርኩት እኔ ነኝ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የኃላፊው ንግግር እስኪያልቅ አለቀቁትም። ንግግሩም ረጅም ነበር።

አውቶቡሱ ቆመ። ሲስተር በረዶ ሳጥናቸውን አቅፈው ተነሡ። ሕፃኑ ተኝቷል። ተሳፋሪው ደስ ብሎት ሊሰናበታቸው እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው ግን የራሳቸውን ከሳጥኑ በታች ደበቁት።

«አትቀየመኝ ልጄ» አሉት ወደ በሩ እየሄዱ፣ «ሜትሮኗ ለልጅ ልጃቸው ልደት ሃምሳ ፍሬ አዘውኛል፣ ነገ ጠዋት እጀምራለሁ። አንተ ደግሞ ሲያዩህ እጅህ ሞቃት ነው።»