ጭቃ ያልያዘ ገለባ

ባለፈው ሳምንት ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ ታናሽ ወንድሜ በስልክ ፎቶ ላከልኝ። የድሮው ትምህርት ቤታችን ጣሪያ ወርዷል። ቆርቆሮው ሣሩ ላይ ተደርድሯል፤ ከኋላው አዲሱ የብሎኬት ሕንፃ ቆሟል። «እታለም፣ ነገ ግድግዳውን ሊያፈርሱት ነው። ብታይው ብዬ ነው» ይላል ከሥሩ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና አራት ወሬ ነው፤ ትዝታ ለመጻፍ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝ ይሆናል። ቢሆንም ይህን እጽፋለሁ።

የቤቱን ታሪክ ያወቅሁት ከዘበኛው ከአባባ አስረስ ነው። በጎረምሳነታቸው እንጨቱን ተሸክመው፣ ጭቃውን ረግጠው ካቆሙት ሰዎች አንዱ ነበሩ። መጀመሪያ የተሠራው ለመሠረተ ትምህርት ነው ይሉን ነበር፤ ሽማግሌ ከልጅ ልጁ ጎን ተቀምጦ ሀ ሁ ያለበት። በኋላ ወታደር አደረበት። ከዚያ የእህል መጋዘን ሆነ፤ እኛ ስንማርበት እንኳ ዝናብ ሲመጣ ከወለሉ የእህል ሽታ ይነሣ ነበር። ጉብታ ላይ ስለሆነ የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲሞላ ሰው ልጁንና ጥጃውን ይዞ እዚያ ይጠጋል።

ስድስተኛን ጨርሼ ሰባተኛ ልገባ ስል፣ በዚያ ክረምት፣ ውሃው ጉብታውንም አልማረም። ምርጊቱን እስከ መስኮቱ ድረስ ጣለው። እንደዚያው ሆኖ ተማርንበት። ርዕሰ መምህሩ ከሌላ አገር በዚያው ዓመት የመጡ ዝግ ያሉ ሰው ነበሩ። ግንቦት ላይ በሰልፍ ፊት ቆመው፣ ግድግዳው ከክረምት በፊት ካልተመረገ ክፍሉ እንደሚዘጋ፣ ሰባተኛና ስምንተኛም ወረታ ከተማ ሄዶ እንደሚማር ነገሩን። «እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ማዳበሪያ የጤፍ ጭድ» አሉ።

ለእኔ ወረታ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ለየሻረግ ግን እንዲያ አልነበረም። የሻረግ አጠገቤ የምትቀመጥ፣ በሂሳብ የምትበልጠኝ ጓደኛዬ ናት። አባቷ «እዚህ እስካለ ትማር፤ ከተማ ግን አልሰዳትም» ብለው ቆርጠዋል።

የክፍል አለቃ ነበርሁና ጭዱን የምሰበስበው እኔ ነኝ። ጤፍ ከወዴት ይምጣ? ሜዳው ሁሉ ሩዝ ነው። የሩዙም ጭድ ቢሆን የከብት ቀለብ ነው፤ በግንቦት ማን ከላሙ አፍ ነጥቆ ይሰጣል? ሦስት ቀን ሙሉ ያመጣ ሰው አልተገኘም። በአራተኛው ቀን ወረታ ገበያ ስሄድ ከሩዝ መፈልፈያው ጀርባ ከሩዙ የተላጠ ገለባ ተከምሮ አየሁ። ደቃቅ፣ ቢጫ፣ ጠያቂ የሌለው። እፍኝ ይዤ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄድሁ።

«ይህስ አይሆንም ወይ?»

«እኔ የድንጋይ ቤት አገር ሰው ነኝ» አሉ። «እናንተ ታውቃላችሁ። ይሆናል?»

«ይሆናል» አልሁ።

«ጎበዝ» አሉኝ።

በማግስቱ ሁሉም ተሸክሞ መጣ። «ቤቱም እንደኛ ሩዝ ለመደ» እያለች የሻረግ ጭቃውን እስከ ጉልበቷ ስትረግጥ፣ አባባ አስረስ ገለባውን ቆንጥረው በጣቶቻቸው መካከል አሹት።

«ይህን ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ርዝመት የለው፣ ሻካራነት የለው፤ ጭቃውን በምኑ ይያዘው? የዶሮ መጫሪያ ነው ያመጣሽ። ሂጂና ለርዕሰ መምህሩ ንገሪ።»

«እሺ» አልሁ። አልነገርሁም። ብነግር ያ «ጎበዝ» የሚወሰድብኝ መሰለኝ። አባባ አስረስ ደግሞ የነገርሁ መስሏቸው፣ በርዕሰ መምህሩ ላይ አፍ አልከፍትም ብለው ተዉት።

መርገነው ሲደርቅ አምሮ ነበር። ሰኔ ሲገባ፣ በፈተናው ሳምንት፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ከጣና በኩል መጣ። ምርጊቱ መጀመሪያ አበጠ፤ ከዚያ እየተገመሰ ወረደ። የሻረግ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ደገፈችው።

«ያዢው እንጂ፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ» አለችኝ።

ያዝሁት። በጣቶቻችን መካከል ይፈስ ነበር።

ከወረዳ የመጡ ሰዎች ክፍሉን ዘጉት። ቤቱ ተመልሶ መጋዘን ሆነ፤ የሩዝ ዘር ተከመረበት። በመስከረም እኔ ወረታ ገባሁ፤ የሻረግ አልመጣችም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ልናገር አባቷ ዘንድ ሄድሁ። «ጋሼ፣ ያ ግድግዳ…» ስል፣ «ውሃ ነው ልጄ፤ ውሃን ማን ይከሰዋል?» ብለው እርጎ አስቀረቡልኝ። ጠጣሁት። ጠጥቼም ሳልናገር ወጣሁ። አባባ አስረስ በዓመቱ ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ እንዳስጠነቀቁኝ የሚያውቅ ከእኔ በቀር የለም።

ያን ቀን ከፎቶው በኋላ ወንድሜ ሌላ መልእክት ጨመረ። «የሻረግ እዚህ ናት፤ ልጇን አዝላ ቆርቆሮ ስትሸከም ውላለች። አዲሱ ትምህርት ቤት ትልቅ ሰው ስምንተኛ ክፍል ይቀበል እንደሆን እህትህን ጠይቅልኝ አለች። እሷ ታውቃለች ብላለች።»

ወዲያው «ይቀበላሉ» ብዬ ጻፍሁ፤ ደስ እንዲላት። ከዚያ አጠፋሁት። «አላውቅም» ብዬ ጻፍሁ። «ከሚያውቅ ጠይቄ እነግራታለሁ።»

መልስ እስኪመጣ ፎቶውን አጎላሁት። ጣሪያው ከነበረበት ሥር፣ ውሃው ባልደረሰበት ከፍታ፣ እነአባባ አስረስ የመረጉት ጭቃ የጤፍ ጭዱ ብቅ ብቅ ብሎ እየታየ አሁንም ይዟል። እነግራታለሁ ያልሁት ስለ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ይሁን ስለዚያ ግድግዳም ጭምር፣ ለራሴም ገና አልመለስሁም።