የታጠበው ድሮን

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ሶዶ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። የምኖረው ሰርግ እየቀረጽኩ ነው፤ ካሜራዬን የሚጋርድ ሚዜ ካየሁ ሙሽራው ፊት እንኳ ከመጮህ አልመለስም። ያን ሐሙስ ግን መጮህ አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አረካ አጠገብ ገጠር ውስጥ ልትዳር የተዘጋጀች ልጅ ነበረች። አባቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ ኦቶና ሆስፒታል ተኝተዋል። ድግሱ ተደግሷል፣ ሰርጉ አይተላለፍም። ቅዳሜ ልጅቷ ከደጃቸው ስትወጣ፣ ድሮኑ ከላይ የሚያየውን በስልክ በቀጥታ ላሳያቸው ቃል ገባሁ። «ከደጄ እስከ መንገዱ ስትሄድ ልያት፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» ነው ያሉኝ። «በሞቴ፣ ያዩዋታል!» አልኳቸው። ምን አስማለኝ!

ሐሙስ ቦታውን ልሞክር ሄጄ ድሮኑ ባህር ዛፍ ነክቶ የጎረቤት እንሰት ውስጥ ወደቀ። ከዚያ በፊት ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መሬቱ ጭቃ ነው። ፈልጌ ፈልጌ ስደርስ የጓሮው ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ ከጭቃው አንስተው፣ በሳፋ ውሃ በሳሙና እያገላበጡ አጥበው፣ ንጹህ የእንሰት ቅጠል ላይ አስጥተውልኛል። አጠገቡ በፌስታል አቮካዶ አለ።

በእሳቸው አማርኛ ሴቱም ወንዱም «አንተ» ነው፤ እኔንም ሴቷን። «ከነጭቃው እንዴት ልስጥህ ልጄ? የሰው ዕቃ አይደል! ባዶ እጅህንም እንዳትሄድ» አሉኝ።

አንዱ ክንዱ ተሰንጥቋል፤ እሱ ቀላል ነው። የገደለኝ ውሃው ነው። ደሜ ፈላ። ግን ምን ልበል? እኔ ራሴ የጎረቤት ሳህን ስመልስ አጥቤ፣ የሆነ ነገር ጨምሬበት ነው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» ብዬ አቮካዶውን ተቀበልኩ። ሚኒባስ ውስጥ ግን አለቀስኩ።

ሶዶ ውስጥ ስልክ የሚጠግን ወዳጅ አለኝ፣ ስልጤ ነው፤ ከእኔ ጋር ሲነጋገር ሰው የተጣላን ይመስለዋል። ድሮኑን ፈታና አሸተተው።

«ሳሙናም አለበት? ወላሂ፣ ጥሩ ይሸታል!»

«አታሹፍ! ቅዳሜ ያስፈልገኛል።»

አደረቀው፣ ክንዱን አጣበቀ፣ የተበላሸውን ሽቦ በካውያ በየደ። ዓርብ ማታ መብራቱ በራ። እልል ልል ስል እጁን አነሳብኝ።

«ይበራል። ግን ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል፤ ዛሬ ይሽከረከራል፣ ነገ አየር ላይ ቀጥ ሊል ይችላል። እህቴ ብትሆኚ ሞተሩን ቀይሪው ነው የምልሽ።»

ቀይሪው! ለማውራት ገንዘብ አይከፈልም። አዲሱ ሞተር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሰርጉ ያልፋል። የሰው ድሮን እንዳልዋስ ደግሞ የማብረሪያ ፈቃዴ የተጻፈው በዚሁ ድሮን መለያ ቁጥር ነው። «ጥገናው ይበቃኛል» ብዬ ይዤው ወጣሁ።

«ሰው አናት ላይ እንዳታበሪው!» ብሎ ከኋላዬ ጮኸ።

እኛ ጋ ድሮን ሲነሳ ማን ይሸሻል? ሁሉም እጁን እያወዛወዘ ከሥሩ ነው የሚሰበሰበው።

ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ ሁለቴ አበረርኩት፤ ደህና ነበር። በሦስተኛው ሲጥ የሚል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ፍርሃቴም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሙሽራዋ ልትወጣ ነው ተባለ። ለአባቷ በቪዲዮ ደወልኩ። «ልጄ፣ ተነሳ?» አሉ አባቷ። ከኋላቸው አብረዋቸው የተኙት በሽተኞች ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገዋል። ሞተሩን አስነሳሁ። ሲጥ አለ። ልጆቹ፣ ሚዜዎቹ፣ እኚያ ያጠቡልኝ እናት ጭምር እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ከበቡት። ሙሽራዋም መሃላቸው ቆማ ትስቃለች።

«አስነሺው እንጂ! ምን ነካሽ?» አለ ወንድሟ።

«ዝም በል!» አልኩትና ወደ ስልኩ ዞርኩ። «አባባ፣ ተጠግኗል፤ ግን አላመንኩትም።»

ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።

«ልጄ ከሥሩ ናት?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ!»

ባትሪውን ነቀልኩት። ስልኩን ከፍ አድርጌ ሕዝቡ መሃል ተጋፋሁ፤ ያዩት የሰው ጀርባና አንዴ ብልጭ ያለ የቬሎ ጫፍ ነው። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሲመለስ ልጅቷ መኪና ውስጥ ገብታ ሄዳለች። ወንድሟ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ሰኞ እዚያው ደጅ፣ ሰው በሌለበት፣ አበረርኩት። በጤናው በረረ! ባትሪው እስኪዳከም አንዴም አልተንገዳገደም። ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ረገምኩ። ጠጋኙ ይህን ስነግረው «አሁንም ቀይሪው» አለኝ። ቀየርኩት፤ ባልቀይረው፣ በረረም አልበረረ፣ ከሥሩ ልጅ ሲሮጥ ባየሁ ቁጥር ያን ሲጥታ ልሰማ ነበር።

የሰኞውን ምስል ለአባቷ ኦቶና ወሰድኩላቸው። ደጃቸው፣ እንሰቱ፣ እየፈረሰ ያለው ድንኳን፣ እስከ መንገዱ ድረስ ባዶው መሬት። እስከ መጨረሻው ካዩ በኋላ «የቱ ጋ ነው የቆመችው?» አሉኝ። ምስሉን አቁሜ አሳየኋቸው። ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ፤ ስልኬን ልቀበል የዘረጋሁትን እጄን መለስኩት።