ወለሉ የፈነዳ ዕለት

ስልኬ ሲጠራ አየር ጤና ባለው ሱቄ ውስጥ ተንበርክኬ ለአንድ ባልና ሚስት የሴራሚክ ናሙና እደረድር ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። የደወሉልኝ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ደንበኛዬ ናቸው፤ ስድሳውን ያለፉ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት። ገና ሄሎ ሳልል፣ «ልጄ፣ ወለሉ ፈነዳ! ወለሉ ተነሳ!» አሉኝ። ከኋላቸው የልጆች ለቅሶና የሰው ጩኸት ይሰማል። «እናቴ፣ ተጎዱ እንዴ?» ብዬ ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይነሳም።

ሰሞኑ ክፉ ነበር። ከአዋሽ በኩል የሚነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ እኛም ድረስ እየተሰማ፣ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ የሚውልበት ጊዜ ነው። የኤሌክትሪክ አምፖል ትንሽ ከተወዛወዘ ልጁን አቅፎ ደረጃ የማይወርድ አልነበረም። እኔን ግን መጀመሪያ ያስደነገጠኝ መንቀጥቀጡ አይደለም። ያ ወለል የእኔ ሥራ ነው። ከተነጠፈ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ለባልና ሚስቱ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሱቁን ልዘጋ ነው» አልኳቸው። ቆልፌ ወደ ታክሲ ሮጥኩ።

ታክሲ ውስጥ ገብቼ የተቀመጥኩት በሩ ሥር ነው። ያንን ቤት የለካሁት ራሴ ነበርኩ። ልማዴ ነው፤ ደንበኛው ቤት ሄጄ እለካለሁ፣ ናሙናውን ሳሎኑ መሃል አስቀምጬ በጠዋቱም በከሰዓቱም ብርሃን እንዲያየው አደርጋለሁ፣ ከዚያ በወረቀት እስልለታለሁ። እሳቸው ሻይ አቅርበውልኝ፣ «እኔ የምፈልገው የማያዳልጠኝን ነው። ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ» ነበር ያሉኝ። የማያዳልጠውን መረጥኩላቸው። ሌላውን ግን ለራሴ መረጥኩ። ትልልቁ ሴራሚክ እርስ በርሱ ተጣብቆ መስመር ሳይታይበት፣ ሳሎኑ ሙሉ አንድ ወጥ ሆኖ ፎቶ ላነሳው አማረኝ። ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ከስልኬ ላይ አውጥቼ የማሳየው ሥራ እንዲሆንልኝ።

የሚያነጥፍልኝ ሰው በዕድሜ ብዙ አይበልጠኝም፤ በሙያው ግን በጣም ይበልጠኛል። ያን ጊዜ አስጠንቅቆኝ ነበር። «በመሃል በመሃሉ ትንሽ ክፍተት እንተው፤ ግድግዳው ሥር ደግሞ የጣት ያህል። ወለል ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ከሰዓት ይሞቃል። መላወሻ ይፈልጋል» አለኝ። «አጥብቀህ ግጠመው። ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አልኩት። ገጠመው። ግድግዳውን ከሥር የሚዞረው ዞኮሎ ሲለጠፍ ጠርዙ ሁሉ ተሸፈነ። ፎቶውም አማረ።

ከታክሲው ሆኜ ደወልኩለት። ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ የባኞ ቤት ወለል እያነጠፈ ነበር። የሆነውን ስነግረው፣ «ጠርዙ ላይ ምንም አልተውንም አይደል?» አለ። «ምንም» አልኩት። «መጣሁ። ብቻሽን እንዳትገቢ» ብሎ ዘጋው።

ብሎኩ ጋ ስደርስ ነዋሪው በሙሉ ከታች ነው። አንዱ የጋዝ ሲሊንደሩን ተሸክሞ ወርዷል። አንዲት ሴት አጥሩ ሥር ፍራሽ ዘርግታ ሁለት ልጆቿን አስቀምጣለች። ደንበኛዬ የሶላት ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ባዶ እግራቸውን፣ የዘበኛው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሮጬ ሄጄ እግራቸውን ነካካሁ። ደም የለም።

«የዐስርን ሶላት እየሰገድኩ ነው» አሉኝ። «ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ ወለሉን እንደነካ ከጎኔ ዷ! አለ። ቀና ስል ሴራሚኩ እንደ ሰው ቆሟል። ሶላቴን ሳልጨርስ ወጣሁ። ይህ ጉልበቴ እንዴት እንዳወረደኝ አላህ ነው የሚያውቀው።»

ይህን ጊዜ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ወደ እኔ መጡ። «የወለሉ ባለሙያ አንቺ ነሽ አሉ። ልጄ፣ ሕንፃው ነው ወይስ ወለሉ ነው? ወይ እንግባ፣ ወይ ልጆቹን ይዘን ወደ ዘመድ እንበተን። ሊመሽ ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማስበው ስለ አንዲት ሴት ነበር። አሁን ቀና ስል ያ ሁሉ ሰው አፌን እያየ ነው። «ልየው» አልኩና ብቻዬን ወደ ደረጃው ሄድኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ነው። ግድግዳውን በእጄ እየዳሰስኩ ወጣሁ። ድሮም የነበረው የልስን መስመር ሁሉ ስንጥቅ መሰለኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሳሎኑ መሃል አራት ሴራሚኮች ሁለት ሁለት ሆነው፣ እንደ ድንኳን ጫፍ ለጫፍ ተደጋግፈው ቆመዋል። የመስገጃቸው ግማሽ ቁልቁለቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጸጥ ብሏል። አንድ እግሬን ወደ ውስጥ አስገባሁ። ያኔ ከወለሉ ሥር የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ብርጭቆ የሚያሰማው ዓይነት ጭርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ከወጥ ቤቱ በር ሥር ዷ! አለ። ስባሪው ቅልጥሜን መታኝ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። የማስታውሰው እኔ እየሮጥኩ ስወጣ ሰው ሁሉ ሲሮጥ ነው። ፍራሽ ላይ የነበረችው ሴት ልጆቿን ብድግ ስታደርግ ተደናቅፋ ትንሹ ልጅ ላይ ወደቀች። ልጁ አለቀሰ እንጂ ምንም አልሆነም። ለእኔ ግን ከፍንዳታው የባሰው እሱ ነበር።

«ነገርኳችሁ፣ መንቀጥቀጡ ነው!» ብሎ አንድ ጎልማሳ ጮኸ። «ቅድም እኔም ተሰምቶኛል!» ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው፣ ልጄ?»

«አዎ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። አዎ ብል የማንም ጥፋት አይሆንም። ደንበኛዬም፣ ሰፈሩም፣ የሚያነጥፍልኝም ሰው ቢሆን ዳግም አያነሳውም። ግን እነዚህ ሁሉ ልጆች በታኅሣሥ ብርድ ሜዳ ላይ ሊያድሩ ነው። አይደለም ብዬ ብሳሳትስ? እኔ ግቡ ብያቸው ገብተው ሕንፃው ቢናድስ? «አላውቅም፣ ጋሼ» አልኩ። «የሚያውቅ ሰው እየመጣ ነው።»

አንጣፊው ስሚንቶ በደረቀበት ልብሱ መጣ። እንደ እኔ ወደ ላይ አልሮጠም። መጀመሪያ ከታች ያለችውን ጎረቤት ቤት እንድታስገባን ጠየቃት። ከፈነዳው ሳሎን በታች ያለውን ጣራ በስልክ መብራት ጥግ ከጥግ አየው። የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለም። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። እኔ ከጀርባው ተለጥፌ ነው የምሄደው። ያልተነሱትን ሴራሚኮች በግንበኛ ማንኪያው እጀታ ኳ ኳ እያደረገ ሄደ፤ ግማሹ ከሥሩ ስለለቀቀ እንደ ባዶ ቅል ይጮሃል። መጨረሻ ላይ ግድግዳው ጥግ ተንበርክኮ ዞኮሎውን ፈንቅሎ አነሳ። ሴራሚኩ ግድግዳው ውስጥ ሊገባ የፈለገ ይመስል ተጣብቆ ጠርዙ ደቅቋል።

«ጥፍር እንኳ አይገባም» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«እጄ ነው የገጠመው» አለኝ ቀና ሳይል። «እምቢ ማለት እችል ነበር።»

ወርደን ሰብሳቢው ፊት ቆምኩ። «ጋሼ፣ ስለ ምሰሶውና ስለ ሕንፃው የምናገር ሰው አይደለሁም፣ መሐንዲስ ይየው። ወለሉን ግን አውቃለሁ። የፈነዳው በመንቀጥቀጡ አይደለም። መላወሻ መተው ሲገባኝ አጥብቄ አስገጠምኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። አንዱ ሳቀ። ልጇ ላይ የወደቀችው ሴት ግን ፍራሿን እየጠቀለለች፣ «በሴራሚክ ነው እንዴ ነፍሳችንን ያወጣሽው?» አለችኝ። ግማሹ ሰው ወደ ቤቱ ገባ፤ ግማሹ አላመነኝም፣ ወደ ዘመድ ሄደ። አልፈረድኩበትም። በማግስቱ ሰብሳቢው ያመጡት መሐንዲስ ሕንፃው ደህና መሆኑን አይቶ ነገራቸው። እስኪነግራቸው ድረስ እኔም እህል አልቀመስኩም።

ደንበኛዬ ያን ዕለት የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እና መሬቷ አይደለችም?»

«አይደለችም፣ እናቴ። እኔ ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «አንቺን መቆጣት እችላለሁ።» ተቆጡኝም። ልጃቸው ቤት ሁለት ሳምንት ሲቆዩ ወለሉን በሙሉ አንስተን፣ በየሴራሚኩ መሃል ክፍተቱን የምትጠብቀውን ትንሿን የፕላስቲክ መስቀል አስገብተን፣ ግድግዳው ሥር የጣት ያህል ትተን እንደገና አነጠፍን። ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው አልገባም አሉ። «አንቺ ቅደሚ» አሉኝ። ገብቼ ሳሎኑን ዞርኩት። «ዝለዪ» አሉኝ። ዘለልኩ። «ደግመሽ።» ደግሜ ዘለልኩ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ግድግዳውን ተደግፈው ገቡ። ሳሎኑ መሃል ለመስገድ ግን ብዙ ቀን ፈጅቶባቸዋል፤ መኝታ ቤት ነበር የሚሰግዱት።

የእኔ ፍርሃት በዚያ አላበቃም። ያን ፎቶ እያሳየሁ እንደዚያው አጥብቄ ያስነጠፍኳቸው ሌሎች አምስት ቤቶች አሉ። ከአንጣፊው ጋር በየተራ ሄድን። በር አንኳኩቶ «የሠራሁልዎት ወለል ሊፈነዳ ይችላል» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው ብሎት ያየ ብቻ ነው። አራቱ ፈቀዱልን፤ ዞኮሎውን አንስተን ጠርዙን ዙሪያውን በማሽን ቆርጠን መላወሻ ሰጠነው። አንደኛው ቤት ውስጥ መቁረጫው ገና ሲነካው ወለሉ ጭርር አለ፤ ሁላችንም በር ላይ ተገናኘን።

አምስተኛው፣ ቤቴል ያሉት ሰውዬ፣ እምቢ አሉ። «ያማረ ወለሌን ማንም አይነካውም፤ የአንዱ ፈነዳ ተብሎ የሁሉም አይፈነዳም» ብለው መለሱን። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሚስታቸውን ለብቻ አነጋግሬያለሁ። የልጅ ልጆቻቸው ሳሎኑ መሃል ተኝተው ሲጫወቱ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ጠዋቱ በርዶ ከሰዓቱ የሚያቃጥል ቀን ሲመጣ ሱቄ ተቀምጬ እደውልላቸዋለሁ።

«ደህና ነን» ይሉኛል። «ዛሬም አልፈነዳም።»