ወዴትም የማይሄድ ብስክሌት

ጋሽ ከድር ከቁራሌ የገዙትን፣ ወዴትም የማይሄድ የስፖርት ብስክሌት ብዙ ዓመት ረገጡት። ያን ጊዜ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ምድጃ እየሠራሁላቸው ሱቃቸው ውስጥ አድር ነበር። ሐኪማቸው፣ «በዚህ ስኳር ካልተንቀሳቀሱ ዓመት አይቆዩም» ስላላቸው ነው የገዙት። ግን «በባዶማ አልረግጥም» ብለው የቢላ መሳያ ድንጋይ ገጠሙበት። እየረገጡ የሰፈሩን ቢላ ይስላሉ።

ጎረቤታችን በያጁ ሙላት በየቀኑ ይጮህባቸዋል።

«ጋሼ፣ የት ደረሱ?»

«ወልቂጤ!»

«ሳይመሽ ይግቡ!»

ሰዉ ይስቃል። እኔ አልስቅም፤ እሳቸው ከሞቱ ማደሪያ የለኝም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ድንጋዩ አሁንም ይዞራል። ሙላት ዐረብ አገር ገብቷል።

«ሐኪሙስ?» አልኳቸው።

«ከቀበርነው ቆየን» አሉኝ፣ እግራቸውን ሳያቆሙ።

ከዚያ ዘመን ሰው እዚያ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።